«ይህን ለራስሽ ያዢው»፦ የአሜሪካ ሪፐብሊክ የመጀመሪያ ዘመን ባላባቶች የቤተሰብ ደብዳቤ አነባበብ

በኖቬምበር 21 ቀን 1800 የሁለተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆን አዳምስ ሚስት አቢጌል አዳምስ ገና ተሠርቶ ካላለቀው የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ቤት ሆና ለሴት ልጇ ደብዳቤ ጻፈች። ቤቱ ግዙፍ ነው፤ ግን አጥርም ግቢም የለውም። ዙሪያው ደን ሆኖ ሳለ ማገዶ የሚቆርጥና የሚያመጣ ሰው አይገኝም። እንግዳ መቀበያ ይሆናል የተባለው ትልቁ አዳራሽም ገና ስላልተጠናቀቀ የታጠበ ልብስ ማስጫ ሆኗል። ይህን ሁሉ ከዘረዘረች በኋላ ልጇን አንድ ነገር ታስጠነቅቃለች፦ ይህን ለራስሽ ያዢው፤ ቤቱን እንዴት አገኘችው ብለው ሲጠይቁሽ ሥፍራው ውብ ነው ብላ ጽፋልኛለች በዪ፤ ይህም እውነት ነው።

የዚያን ዘመን ባላባቶች የቤተሰብ ደብዳቤ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። እናት ለልጇ በጻፈችው በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ደብዳቤዎች አሉ፤ አንዱ ለልጅቱ ብቻ የተጻፈ ነው፣ ሌላው ልጅቱ ለጠያቂ ሁሉ እንድትናገረው የተፈቀደላት ነው። በዚያ ዘመን የቤተሰብ ደብዳቤ የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። ማታ እሳት ዳር ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ከእህት ወደ አክስት ይተላለፋል፣ የሩቅ ወሬ ሲያምረው የነበረ ጎረቤትም መጥቶ ይሰማዋል። ስለሆነም አንባቢው በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ «ይህ ለማን ጆሮ ተጻፈ?» ብሎ መጠየቅን መልመድ አለበት። ከዚህ በታች የምገልጻቸው ሥራዎች፣ የወረቀቱን ጀርባ ከማየት አንሥቶ የስም መዝገብ እስከ ማዘጋጀት ድረስ፣ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚያግዙ ናቸው።

«ባላባት» የሚለውን ቃል የተጠቀምኩት ከዚህ የሚቀርብ ስላጣሁ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መንግሥቱ የመኳንንት ማዕረግ እንዳይሰጥ በአንደኛው አንቀጹ ከልክሏል፤ ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በሕግ የተሰጣቸው ማዕረግ አልነበራቸውም። መታወቂያቸው በደቡብ በኩል ሰፊ መሬትና በባርነት የያዟቸው ሰዎች፣ በሰሜን በኩል ንግድ፣ ጥብቅና ወይም የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት፣ በሁለቱም በኩል ደግሞ ትምህርትና ጋብቻ ነበር። ማዕረግ በሌለበት አገር የሰው ደረጃ የሚለየው በአነጋገሩ፣ በአለባበሱና በአጻጻፉ ስለነበረ፣ ጥሩ ደብዳቤ መጻፍ የጨዋ ልጅነት ማረጋገጫ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ዘመኑ በግምት የሰላም ውል ከተፈረመበት ከ1783 እስከ 1820ዎቹ ያለው ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደብዳቤዎቹን ለማግኘት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፋውንደርስ ኦንላይን በተባለው ገጽ የመጀመሪያዎቹን አራት ፕሬዚዳንቶች፣ የዋሽንግተንን፣ የአዳምስን፣ የጀፈርሰንንና የማዲሰንን፣ የሌሎችንም ደብዳቤዎች ከነማብራሪያቸው በነጻ አቅርቧል። የማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ደግሞ ጆንና አቢጌል አዳምስ የተጻጻፏቸውን፣ ቁጥራቸው ከ1,100 የሚበልጥ ደብዳቤዎች ጠብቆ ይዟል፤ የወረቀቶቹን ምስልም በኢንተርኔት ያሳያል። ምስሉን ሳያዩ የታተመውን ጽሑፍ ብቻ ማንበብ ይቻላል፤ ግን ብዙ ይቀርብዎታል።

ከወረቀቱ ጀርባ ይጀምሩ

ዛሬ ፖስታ የምንለው የወረቀት ማኅደር በዚያን ጊዜ የተለመደ አልነበረም። ጸሐፊው አንዱን ሉክ ለሁለት አጥፎ አራት ገጽ ያገኛል፤ ብዙውን ጊዜ በሦስቱ ላይ ይጽፍና አራተኛውን ባዶ ይተወዋል። ከዚያ ባዶው ገጽ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጎ ያጣጥፈዋል፣ በሰም ያትመዋል፣ አድራሻውንም በዚያው ገጽ ላይ ይጽፋል። ተቀባዩ ማኅተሙን ሲፈነቅል ወረቀቱ ስለሚቀደድ ከሦስተኛው ገጽ ዳር አንድ ሁለት ቃል ይጎድላል። በታተሙት እትሞች ውስጥ በቅንፍ የገቡ ቃላት ሲያጋጥሙዎት አንዳንዶቹ አዘጋጆቹ በዚህ ቀዳዳ ላይ ገምተው የሞሏቸው መሆናቸውን ያስታውሱ።

ማኅደር ያልነበረው ሰዎች ስላላሰቡት አይደለም፤ ምክንያቱ ዋጋው ነው። በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1792 የጸደቀው የፖስታ ሕግ ክፍያውን የወሰነው በሉክ ብዛትና በርቀት ነበር። አንድ ሉክ እስከ 30 ማይል፣ ማለትም እስከ 48 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 6 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ከ450 ማይል በላይ ከሆነ ደግሞ 25 ሳንቲም። ሁለት ሉክ እጥፍ፣ ሦስት ሉክ ሦስት እጥፍ ነው። ማኅደሩም እንደ አንድ ተጨማሪ ሉክ ይቆጠር ነበር። በዚያ ላይ ቴምብር ገና ስላልነበረ (የአሜሪካ መንግሥት ቴምብር ያወጣው በ1847 ነው) ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። ጸሐፊው ወረቀት ሲያልቅበት ኅዳጉ ላይ ዞሮ ወደ ጎን የሚጽፈው፣ ሁለተኛ ሉክ ሲጨምርም ይቅርታ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ይህ ይቅርታ አንዳንዴ ጨዋታ ይመስላል፤ ከበስተጀርባው ግን እውነተኛ ሳንቲም አለ።

በአድራሻው ገጽ ላይ የፖስታ ቤት ምልክትና የዋጋ ቁጥር ካለ ደብዳቤው በፖስታ ሄዷል። የዋጋው ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ የአንድ ባለሥልጣን ፊርማ ካለ ያለ ክፍያ የማለፍ መብት ያለው ሰው ልኮታል፤ ፕሬዚዳንቱና የምክር ቤቱ አባላት ይህ መብት ነበራቸው፤ ዘመዶቻቸውም መብቱን ለመጋራት አያፍሩም ነበር። ምንም ምልክት ከሌለው ግን በሰው እጅ ሄዷል ማለት ነው። ከባላባቶቹ ደብዳቤ ብዙው እንዲህ ያለ ነው። በደብዳቤው ውስጥ «ኦፖርቹኒቲ» የሚል ቃል ሲያዩ ዕድል ወይም አጋጣሚ ብለው አይለፉት፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ተገኘ ማለት ነው። አክስት ወደ ሪችመንድ ስትሄድ፣ ጎረቤት ስንዴ ሊሸጥ ሲወርድ፣ በባርነት የተያዘ ሰው ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲላክ፣ ወረቀት ወጥቶ በችኮላ ይጻፋል። ስለዚህ ያዡ ማን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለወሬኛ ዘመድ በተሰጠ ደብዳቤ ውስጥ ስለዚያ ዘመድ የሚጻፍ ነገር አይኖርም።

እምነቱ ሲሰበር ምን እንደሚከተል ሁሉም ያውቅ ነበር። በጁላይ 1775 ጆን አዳምስ ለሚስቱና ለወዳጁ ለጄምስ ዋረን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እንግሊዞች ከያዡ ላይ ማርከው በጋዜጣ አሳተሟቸው፤ በዋረን ደብዳቤ ውስጥ ስሙን ሳይጠራ ያናናቀው የኮንግሬስ ባልደረባው ጆን ዲኪንሰንም ራሱን አወቀ። ከዚያ በኋላ የአዳምስ ቤት ሰዎች በወረቀት ላይ ሲጠነቀቁ ቢያዩ አይግረምዎ።

ቀኑንና ሰንሰለቱን መያዝ

አንድን ደብዳቤ ነጥሎ ማንበብ በስልክ የሚነጋገርን ሰው ከአንድ ወገን እንደ መስማት ነው። ስለሆነም ወደ ይዘቱ ከመግባትዎ በፊት ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ የተጻፈበትን ቀን፣ የደረሰበትን ቀን፣ ያመጣውን ሰው፣ የሚመልሰውን ደብዳቤ፣ በውስጡ ተጠቅሶ የማይገኘውን ደብዳቤ ያስገቡ። ቀን ሲያነቡ «ኢንስታንት» ከተባለ የያዝነው ወር፣ «አልቲሞ» ከተባለ ያለፈው ወር ማለት ነው። «ፌቨር ኦቭ ዘ ቴንዝ» ሲል ደግሞ ውለታ አይደለም፤ በ10ኛው ቀን የጻፍከው ደብዳቤ ማለቱ ነው። የደረሰበት ቀን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጀርባው ላይ ነው፤ ጥንቁቅ ተቀባይ ወረቀቱን አጥፎ ከማስቀመጡ በፊት የላኪውን ስምና ቀኑን ይጽፍበታል።

በዚህ ረገድ ቶማስ ጀፈርሰንን የሚያህል የለም። ከ1783 እስከ 1826፣ እስከ ሞተበት ዓመት፣ የላካቸውንና የደረሱትን ደብዳቤዎች በየቀኑ የመዘገበበት መዝገብ አለው። ራሱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ወደ 19,000 ይጠጋሉ። ግልባጭ የሚያስቀረው በመጀመሪያ ጄምስ ዋት በ1780 ፈጠራነቱን ባስመዘገበው መጫኛ ነበር፤ ቀለሙ ሳይደርቅ እርጥብ ስስ ወረቀት ላዩ ላይ ተደርጎ ይጫናል፣ ጽሑፉም ይተላለፋል። ከ1804 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ብዕር ባለው መሣሪያ ይጽፍ ነበር፤ አንዱን ብዕር ሲያንቀሳቅስ ሁለተኛው በሌላ ወረቀት ላይ ያንኑ ይደግማል። ይህ ለእኛ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ያሳስታልም። ዛሬ የምናነበው የጀፈርሰን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እሱ ጋር የቀረው ግልባጭ እንጂ ልጁ እጅ የደረሰው ወረቀት አይደለም፤ ልጁ ዳር ላይ ምን እንደጻፈችበት፣ ስንት ጊዜ አጥፋ እንደዘረጋችው ግልባጩ አይነግረንም።

ውቅያኖስ በመካከል ሲገባ ሰንሰለቱ ይበልጥ ይላላል። በሜሪላንድ ሪቨርስዴል በተባለው ርስት ትኖር የነበረችው ሮዛሊ ስቲየር ካልቨርት በዛሬዋ ቤልጅየም አንትወርፕ ላለው ቤተሰቧ በፈረንሳይኛ ትጽፍ ነበር፤ የናፖሊዮን ጦርነትና በዲሴምበር 1807 የታወጀው የንግድ መርከብ እገዳ መንገዱን ሲዘጉት ወሬው ለወራት ይቋረጥ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥንቁቅ ሰው አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፎ በሁለት መርከብ ይልካል፤ ደብዳቤዎቹንም ቁጥር ይሰጣቸዋል። በሠንጠረዥዎ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ደብዳቤ ቢያገኙ ስሕተት ነው ብለው አንዱን አይጣሉ። እናት ስለሞተ ሕፃን የጻፈችው የማጽናኛ ቃል ከመድረሱ በፊት ልጅቱ ሌላ ልትወልድ እንደምትችልም ሳያስቡ አያንብቡ።

ማን ማን ነው

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ስም ነው። የጀፈርሰን ሚስት ማርታ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጁም ማርታ ናት፤ እህቱም ማርታ ናት። ልጅቱ በቤት ስሟ ፓትሲ ስለምትባል ለጊዜው ይቀልልናል። ታናሿ ግን ሜሪ ተብላ ተወለደች፣ ፖሊ ተብላ አደገች፣ በኋላም ማሪያ ተባለች፤ ሦስቱም አንድ ሰው ናት። የፓትሲ ልጅ ኤሌን በ1795 በሕፃንነቷ ሞተች፤ በ1796 የተወለደችው እህቷም ኤሌን ተባለች። በዚያ ዘመን የሞተን ልጅ ስም ለሚቀጥለው መስጠት የተለመደ ነበር፤ ስለዚህ ኤሌን የሚል ስም ሲያዩ መጀመሪያ ዓመቱን ይመልከቱ።

የዝምድና ቃላትም እንደ ዛሬው አይደሉም። «ብራዘር» ወንድም ብቻ አይደለም፤ የእህት ባልም የሚስት ወንድምም በዚሁ ይጠራሉ። «ማዘር ኢን ሎው» ዛሬ አማት ማለት ቢሆንም በዚያን ጊዜ የእንጀራ እናትም ልትሆን ትችላለች። «ፍሬንድስ» ሲሉ ወዳጆችን ብቻ ሳይሆን ዘመዶችን፣ በተለይ ስለ ጋብቻና ስለ ንብረት ምክር የሚሰጡትን ሰዎች ማለታቸው ነው። «ጁኒየር» የተባለው ሰው የግድ የ«ሲኒየሩ» ልጅ አይደለም፤ በአንድ አካባቢ ሁለት ሞክሼዎች ካሉ ታናሹ እንዲሁ ይባላል። የብዕር ስምም አለ፤ አቢጌል አዳምስ ለባሏ ስትጽፍ «ፖርሺያ» ብላ ትፈርም ነበር፤ የጥንቷን ሮማ ቆራጥ ሚስት ማስታወሷ ነው።

ከቃላቱ ሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን «ፋሚሊ» የሚለው ነው። በቨርጂኒያ አንድ ባለርስት «ቤተሰቤ በሙሉ ታመመ» ቢል ሚስቱንና ልጆቹን ብቻ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ በቤቱ ሥር ያሉትን፣ በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ጭምር ሊያጠቃልል ይችላል። ዋሽንግተን በጦርነቱ ጊዜ «ፋሚሊ» የሚለው ደግሞ አብረውት የሚኖሩትን ወጣት መኮንኖች ነበር። አስተርጓሚ ሁሉንም «ቤተሰብ» ብሎ ካለፈ አንባቢውን ያሳስተዋል። ስለዚህ ለያንዳንዱ ስም የተወለደበትን፣ ያገባበትንና የሞተበትን ዓመት፣ የቤት ስሙንና የሚኖርበትን ቦታ የያዘ መዝገብ ይክፈቱ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ያለ እሱ ከአሥረኛው ደብዳቤ በላይ መጓዝ አይቻልም።

የሰላምታው ቅደም ተከተል

ሰላምታውን ዘለው ወደ ፍሬ ነገሩ የሚሄዱ አንባቢዎች አሉ። በእነዚህ ደብዳቤዎች ግን ሰላምታው ራሱ ፍሬ ነገር ነው። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ለወላጅ ወይም ለአያት «ግዴታ»፣ ለእህት ወንድምና ለአክስት ልጆች «ፍቅር»፣ ለጎረቤትና ለትውውቅ «አክብሮት» ይላካል፤ ሦስቱ እንግሊዝኛ ቃላት «ዱቲ»፣ «ላቭ» እና «ኮምፕሊመንትስ» ናቸው። አንድ ሰው ባለፈው ዓመት «ፍቅር» ይላክለት የነበረ ሆኖ ዘንድሮ «አክብሮት» ብቻ ከደረሰው በመካከል የሆነ ነገር አለ፤ መዝገብዎን ገልጠው ይፈልጉ። የጠፋ ስምም እንደዚሁ ይናገራል።

የመክፈቻው ቃል ዘመን ይለያል። ልጆች ለአባታቸው «የተከበሩ ጌታዬ» ብለው ሲጀምሩ የነበረበት ወግ በዚህ ዘመን እየሳሳ ሄዶ «ውድ ፓፓ» እየበዛ መጣ። ጆንና አቢጌል አዳምስ ደግሞ ለብዙ ዓመታት «እጅግ የተወደድክ ወዳጄ»፣ «እጅግ የተወደድሽ ወዳጄ» እያሉ ይጻጻፉ ነበር። በአንጻሩ «ትሑት አገልጋይዎ» የሚለው መዝጊያ ምንም ትሕትና ላይኖርበት ይችላል፤ ሰዎች ሊሰዳደቡ ሲጻጻፉም በዚያው ይፈርማሉ። «ብዕሬ መጥፎ ነው፣ ቸኩያለሁ፣ ይህን ጭረት ይቅር በል» የሚለውም ከዚያ አይሻልም፤ በተለይ ሴቶች የሚጽፉት ይህ ይቅርታ የትምህርት ማነስ ማስረጃ ተደርጎ ሲጠቀስ አይቻለሁ፤ ልማድ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ለማን ጆሮ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የአደባባዩ ክፍልና የጓዳው ክፍል የሚለዩባቸው ምልክቶች አሉ። ጸሐፊዋ በግልጽ «ይህን አታሳዪ» ወይም «አቃጥዪው» ልትል ትችላለች። አንዳንዴ ምሥጢሩ በሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ በደብዳቤው ውስጥ ይታጠፋል፤ ያ ቁራጭ ከጠፋ ቀሪው ደብዳቤ እንግዳ በሆነ መንገድ ልስልስ ያለ ይመስላል። አንዳንዴም ከፊርማው በታች የተጨመረው መስመር ከላይ ካሉት ሦስት ገጾች የበለጠ እውነት አለው። እርግጠኛ መሆን ሲያቅትዎ ያው ሰው በዚያው ሰሞን ለሌላ ሰው የጻፈውን ይፈልጉና ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አቢጌል ስለ ቤቱ ለልጇ የጻፈችውን በዚያው ወር ለእህቷ ለሜሪ ክራንች ከጻፈችው ጋር ማነጻጸር በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ፣ ብዙ የሚያስተምር ሥራ ነው።

ተቆርጦ የወጣ ጥቅስ ይህን ሁሉ ያበላሻል። በማርች 31 ቀን 1776 አቢጌል ለባሏ የጻፈችው፣ አዲሱ ሕግ ሲወጣ ሴቶችን እንዲያስታውስ የጠየቀችበት ደብዳቤ በዓለም የታወቀ ሆኗል። ነገር ግን በዚያው ደብዳቤ ውስጥ የጦር ሠራዊት ሐኪም ተቀምጦበት ስለነበረውና ቆሽሾ ስለተገኘው የቦስተን ቤታቸው ትጽፋለች፣ ስለ በሽታ ትጽፋለች፣ ስለ ቨርጂኒያ ሰዎች የነጻነት ፍቅር ያላትን ጥርጣሬ ትገልጻለች፤ ሌሎችን ነጻነት መንሳት የለመደ ሰው የነጻነት ፍቅሩ እኩል ሊሆን ይችላልን ስትል። ታዋቂውን ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚያውቅ ሰው የቤት አስተዳዳሪዋን፣ ፖለቲከኛዋንና ባሏን የምትነካካውን ሚስት በአንድ ትንፋሽ የማግኘት ዕድል ያመልጠዋል።

የአባት ደብዳቤ እንደ ትምህርት ቤት

አባት ለልጁ የሚጽፈው ደብዳቤ የራሱ ሕግ አለው። በኖቬምበር 28 ቀን 1783 ጀፈርሰን ከአናፖሊስ ለፓትሲ ሲጽፍ ልጅቱ 11 ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ከሞተች አንድ ዓመት ጥቂት አልፏል። ቀኗን በሰዓት ከፋፍሎ ይሰጣታል፦ ከ8 እስከ 10 ሙዚቃ፣ ከ10 እስከ 1 አንድ ቀን ዳንስ ሌላ ቀን ሥዕል፣ ከ3 እስከ 4 ፈረንሳይኛ፣ ከ4 እስከ 5 እንደገና ሙዚቃ፣ ከዚያ እስከ መኝታ እንግሊዝኛ ንባብና ጽሕፈት። ቃል በትክክል እንድትጽፍ አጥብቆ ያሳስባታል፤ ደብዳቤዎቹንም እንድታስቀምጥና አልፎ አልፎ እንድታነባቸው ያዝዛታል። ማለትም ሲጽፍ ጀምሮ ደብዳቤው ተቀምጦ ደግሞ ደጋግሞ እንደሚነበብ ያውቃል። ዛሬ ስናነበው ጨካኝ ሊመስለን ይችላል፤ ፍቅሩን ከመታዘዟ ጋር ማሰሩንም መካድ አይቻልም። ግን ሚስቱን የቀበረ ሰው ከልጁ ርቆ ሳለ የቀኗን እያንዳንዱን ሰዓት በዓይነ ኅሊናው ለመያዝ እንደሞከረም አድርጎ ማንበብ ይቻላል፤ እኔ ሁለቱንም እይዛለሁ።

በ1790 ኒው ዮርክ ሆኖ ሌላ ዘዴ አበጀ። በየሳምንቱ ለሁለቱ ልጆቹና ለአማቹ በተራ እየጻፈ ከእነሱም በየሳምንቱ አንድ መልስ ይጠብቃል። መልሱ ሲዘገይ ቅሬታው ይጀምራል፤ እንዲህ ያለው የቅሬታ ደብዳቤ ብዛቱ አንባቢን ያሰለቻል፤ ቢሆንም በሠንጠረዡ ላይ ያስገቡት፣ የጠፋውን ደብዳቤ ቀን የሚነግረን እሱ ነውና።

በወረቀቱ ላይ የሌሉት

በጀፈርሰን ርስት በሞንቲሴሎም ሆነ በሪቨርስዴል ደብዳቤ ለመጻፍ ትርፍ ሰዓት ያስገኘው የባሪያ ጉልበት ነበር፤ ብዙውንም ጊዜ ያደረሰው የባሪያ እግር ነው። በደብዳቤው ውስጥ ግን እነዚህ ሰዎች «ሰርቫንት»፣ «ሰዎቻችን»፣ «እጆች» ተብለው በአንድ ቃል ያልፋሉ። በሚያነቡት ደብዳቤ ሁሉ እነዚህን ቃላት ያስምሩባቸውና ከተቻለ ከርስቱ መዝገብ ጋር ያገናኟቸው፤ ጀፈርሰን የባሮቹን ስም፣ የልደት ዓመትና የተሰጣቸውን ልብስ የሚመዘግብበት የእርሻ መዝገብ ነበረው።

ሁለት ማስረጃዎች ላንሣ። በኖቬምበር 15 ቀን 1818 ከፖፕላር ፎረስት፣ ከጀፈርሰን ሁለተኛ ርስት፣ ሐና በተባለች በባርነት የተያዘች ሴት ስም ደብዳቤ ተላከለት። ቤቱና ዕቃው ሁሉ ደኅና መሆኑን፣ መታመሙን ሰምታ ማዘኗን ትነግረዋለች፤ ከዚያም ስለ እግዚአብሔር ትመክረዋለች። የባላባቱ የደብዳቤ ወግ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማየት ይህን ደጋግመው ያንብቡ።

ሁለተኛው በ1825 የሆነ ነው። የፓትሲ ልጅ ሁለተኛዪቱ ኤሌን ቦስተናዊውን ጆሴፍ ኩሊጅን አግብታ ስትሄድ ዕቃዋ የተጫነበት መርከብ ጠፋ። ከጠፋው ውስጥ በባርነት የተያዘው አናጺ ጆን ሄሚንግስ የሠራላት የመጻፊያ ጠረጴዛ ነበር። ጀፈርሰን በኖቬምበር 14 ሲጽፍላት የሄሚንግስን ሐዘን ይገልጽና ገጣሚው ቨርጂል ድርሰቱ ቢቃጠልበት ኖሮ ከዚህ በላይ አያዝንም ነበር ይላል፤ ሌላ ሥራ ብሎ ሲጠይቀውም ዓይኑ እንደደከመ ነገረው። በምትኩ ጀፈርሰን የነጻነት መግለጫውን ያረቀቀባትን ትንሽ ጠረጴዛ ለኩሊጅ ላከ። የታሪክ መጻሕፍት የሚያስታውሱት ይህችኛዋን ጠረጴዛ ነው። ደብዳቤውን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግን የጠፋችውንም ያገኛል፤ የሠራት ሰው ሐዘን ወደ እኛ የደረሰው በባለቤቱ ቀልድ ውስጥ አልፎ መሆኑንም ያስተውላል።

ሌላው የጠፋ ነገር የተቃጠለው ነው። ማርታ ዋሽንግተን ባሏ በ1799 ከሞተ በኋላ የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች አቃጠለች። ከተረፉት መካከል በጁን 18 እና በጁን 23 ቀን 1775፣ የጦር አዛዥነቱን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል የጻፈላት ሁለቱ ይገኛሉ። ጀፈርሰንና ሚስቱ የተጻጻፉት ደግሞ አንድም አይገኝም። ከዚህ ተነሥቶ አዳምሶች ይዋደዱ ነበር፣ ሌሎቹ ግን ቀዝቃዛ ነበሩ የሚል ሰው መዝገብ ቤትን ከትዳር ጋር አምታቷል።

ወደ አማርኛ ሲመልሱ

እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዩ» ይላል፤ እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብለን ሳንመርጥ አንድ መስመር መሄድ አንችልም። ስለዚህ ምርጫው የትርጉም ብቻ ሳይሆን የዝምድናው ፍርድ ነው። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ ጆንና አቢጌል ስለሚቀላለዱና ስለሚሟገቱ አንተና አንቺ ይባባላሉ፤ ፓትሲና ማሪያ «ፓፓ» ቢሉም አባታቸውን እርስዎ ይላሉ፤ እሱ ደግሞ አንቺ ይላቸዋል። ሚስት ለእህቷ ስትጽፍ ባሏን በስሙ ሳይሆን «ሚስተር አዳምስ» ብላ ስለምትጠራው እዚያ ላይ «እሳቸው» ማለቱ ትክክል ይመስለኛል። ኩዌከር የተባሉት የፊላደልፊያ ክርስቲያኖች በ«ዩ» ፈንታ ለትልቁም ለትንሹም «ዚ» ስለሚሉ አንተና አንቺ ይስማማቸዋል፤ ያ ግን ሃይማኖታዊ ሥርዓት እንጂ ቅርበት አለመሆኑን በግርጌ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የመረጡትን በስም መዝገብዎ ላይ ይጻፉት፤ አለበለዚያ በሃያኛው ደብዳቤ ላይ ልጅቱ አባቷን አንተ ስትል ትገኛለች።

ለመጀመሪያ ልምምድ ጀፈርሰን በኤፕሪል 11 ቀን 1790 ለ11 ዓመቷ ማሪያ የጻፈውን እመክራለሁ፤ አጭር ነው፣ አብዛኛው ጥያቄ ነው። የት ነሽ? በቀን ስንት ገጽ የስፓኝ ልብ ወለድ ታነቢያለሽ? ሰዋስው ትደግሚያለሽ? ስንት ሰዓት ትሰፊያለሽ? ፑዲንግ መሥራት፣ ስፒናች መዝራት፣ ዶሮ ማስታቀፍ ትችያለሽ? በመጀመሪያው ፖስታ መልሺልኝ ይላታል። የልጅቱ መልስም በፋውንደርስ ኦንላይን ላይ ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀኖቹን በሠንጠረዡ ያስገቡ፣ ጥያቄዎቹን ቁጥር ይስጧቸው፣ ከዚያም ማሪያ የትኛውን በሙሉ ልብ እንደመለሰች፣ የትኛውንስ ለአባቷ ጆሮ አሳምራ እንደጻፈች በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ።